ያለ ጠላ የዋለው ሙት ዓመትህ

ሲሳዬ፣ የኔ ሆድ፣

ከተለየኸን ዓመት ከሦስት ሳምንት ሞላ። እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጀምር፣ በሕይወት ሳለህም ለዚህ ጥያቄ «አለሁ፣ ምን እሆናለሁ?» ከማለት በቀር መልስ አልነበረህም። ስለዚህ የኔን ልንገርህ። ደኅና ነኝ። ይህን የምልህ እንደ ድሮው ለአፌ ያህል አይደለም። ደኅና ባልሆንኩበት ቀን ደኅና አይደለሁም ማለት ተምሬያለሁና ዛሬ ደኅና ነኝ ስልህ እመነኝ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ልጅህ ማኅሌት ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። ቁመቷ እኔን አልፎኛል፣ ሳቋ ግን የአንተው ነው፤ ከአጥር ውጭ ሆኖ የሚሰማት ሰው ሲሳይ ተመለሰ እንዴ ሳይል አይቀርም። የስፌት መኪናዬን ከጓዳ አውጥቼ አንተ ትቀመጥበት የነበረው መስኮት ሥር አድርጌያታለሁ። መጀመሪያ ቦታህን የቀማሁህ መስሎኝ ሁለት ቀን ሙሉ ፔዳሏን መርገጥ አቃተኝ፣ አሁን ግን ብርሃኑን ወድጄዋለሁ። ለገና የሚደርሱ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ጥላዎች እየጠለፍኩ ነው። አንደኛው ቀይ ከፈይ ነው፣ ዘርፉ አላልቅ ብሎ አስመርሮኛል። ያቺ «ወይዘሮ» የምትላት ዶሮህም አለች። እንቁላል መጣል ትታለች፣ ግን እሷን የሚያርድ እጅ ከዚህ ቤት አይወጣም። ላሊበላን የሚያይ እንግዳውም ጥቂት ጥቂት ብቅ ማለት ጀምሯል። ባለፈው እሑድ ሁለት ፈረንጅ ባልና ሚስት፣ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ቁልቁለቱን ሲወርዱ አየሁና ሲሳይ ቢኖር ኖሮ እስካሁን በሳቅ አፍርሷቸው ነበር ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል። ሙት ዓመትህን ያወጣሁት ያለ ጠላ ነው። አዎ፣ ያለ ጠላ፣ ያለ አረቄም። በላስታ ምድር እንዲህ ያለ ጉድ ታይቶ ያውቃል ወይ ብለህ እጅህን አፍህ ላይ ስትጭን ይታየኛል። ቆይ፣ ሳትፈርድብኝ በፊት እስከ መጨረሻው ስማኝ።

ዓመትህ ሁለት ወር ሲቀረው እናትህ እማማ ጥሩ ከገነተ ማርያም ጌሾና ብቅል በአህያ አስጭነው መጡ። ለአንድ ልጃቸው የሚደግሱት የመጨረሻ ድግስ ነውና ብቅሉን ያበቀሉት ራሳቸው፣ ያሰጡት ራሳቸው፣ ያስፈጩትም ራሳቸው ናቸው። ጆንያውን ጓዳ አስገብተው ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «ሦስት ጋን ይበቃል ወይስ አራት?» ብለው ጠየቁኝ። የገደለህን ነገር ለነፍስህ ልጠምቅልህ ነው? ይህን እንዳልላቸው ደግሞ የገደለህ መጠጥ መሆኑን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ለእሳቸውም፣ ለማኅበርተኞቹም፣ ለለቀስተኛውም የነገርኩት አንድ ነገር ነው፤ ጨጓራ።

ስለዚህ ጭንቀቴ የጋን ጭንቀት አልነበረም። ጠላውን ከልክዬ ምክንያቱን መሸሸግ አልችልም። ወይ እውነቱን በሰው ፊት እናገራለሁ፣ ወይ አንተን ለሁለተኛ ጊዜ በጨጓራ እቀብርሃለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ይህን ይዤ ነው የተነሣሁትም የተኛሁትም።

ሰበብ ድሮም ትችልበት ነበር፣ ሲሳዬ። ትዝ ይልሃል፣ እኔ ገበያው አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቅ እሰፋ ነበር፤ አንተ ደግሞ አስጎብኚ ሆነህ ባጅህን አንገትህ ላይ ማንጠልጠል የጀመርክበት ሰሞን ነው። በየሳምንቱ ቁልፉ የወለቀ ሸሚዝ ይዘህ ትመጣለህ። አንድ ጊዜ ዋሻ ስትገባ ድንጋይ ይዞት ነው፤ አንድ ጊዜ በቅሎ ጎትታው፤ አንድ ጊዜ ደግሞ አንዲት ፈረንጅ ልትወድቅ ስትል ጨብጣው። አራተኛው ሸሚዝ ላይ ክሩን ቀረብ አድርጌ ሳየው በመቀስ የተቆረጠ ነው። ሰፋሁልህና «ሌላ ጊዜ ቁልፉን ስትቆርጥ ጨርቁን እንዳትነካው ተጠንቀቅ» አልኩህ። አንገትህን ሰብረህ ወጣህ። አይመጣም ብዬ ነበር። በማግሥቱ ቁልፉ የተሟላ ሸሚዝ ለብሰህ መጣህና በሩ ላይ ቆመህ «ዛሬ ሰበብ የለኝም» አልክ። የወደድኩህ ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ የኖርነው ዕድሜ መልካም ነበር፣ ልክደው አልችልም። ሥራህን ትወደው ነበር። ስለ አንዲት የመስኮት ቅርጽ ሩብ ሰዓት ስታወራ እንግዶቹ እግራቸው እንደ ዛለ ይረሱት ነበር። ከዚያ ወረርሽኙ መጣና አውሮፕላኑ ቀረ። እሱ አለፈ ስንል ጦርነቱ መጣ። እንግዳ የሚባል ከአገር ጠፋ። አንተ ግን ጠዋት ጠዋት ሸሚዝህን ተኩሰህ፣ ባጅህን አንጠልጥለህ መውጣትህን አልተውክም። ቤተ ጊዮርጊስ መውረጃ ካለው ድንጋይ ላይ ትቀመጥና ሰው የማይመጣበትን መንገድ ስታይ ትውላለህ። ያን ጊዜ ባሌ ጎበዝ ነው፣ ተስፋ አይቆርጥም እያልኩ እኮራብህ ነበር።

መጠጡ ቤታችን የገባበትን ቀን ለይቼ ልነግርህ አልችልም፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ የሚገባው በበዓል ስም ነበር። አሥራ ሁለት ለሚካኤል፣ አሥራ ስድስት ለኪዳነ ምሕረት፣ ሃያ አንድ ለማርያም፣ ሃያ ሦስት ለጊዮርጊስ። አገራችን የታቦት አገር ነው፣ አንተም የቅዱሳኑን ቀን ከካህናቱ እኩል ታውቅ ነበርና በዓል አላጠረህም። ሰው ሁሉ የሚያከብረው ሲያልቅብህ በስምንት አባ ኪሮስን አመጣህ፤ እሺ ይሁን አልኩ። ቀጥለህ ያመጣኸውን ጻድቅ ግን የንስሐ አባታችን መምሬ ደምሴ እንኳ «እኒህን እኔም አላውቃቸውም፣ ልጄ» አሉ። ያን ቀን ሆዳችንን ይዘን ስቀናል። እሳቸውም ስቀዋል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ አንድ ዓመት የጾምከው ፍልሰታ ነው። ሱባኤ እይዛለሁ ብለህ ጾሙን በሙሉ አንዲት ጠብታ ሳትቀምስ ከረምክ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጠበሉን በጣሳ ስትቀበል ግማሹ ደረትህ ላይ ይፈስ ነበር። ብርዱ እንደዚያ እያለ በላብ ትጠመቅ ነበር። «ጾሙ ነው» አልክ። እኔም ጾሙ ነው አልኩ። እንዲያውም ለእማማ ጥሩ በኩራት ነገርኳቸው፤ ልጅዎ እጁ እስኪንቀጠቀጥ ጾመ አልኳቸው። እሳቸውም ዕልል ብለው ለጎረቤት አወሩ። ሰውነቱ የለመደውን መጠጥ ሲያጣ እየተሠቃየ ነው፣ ሐኪም ይየው ያለ ሰው አልተገኘም። በጾም የደከመ ሰው ስናይ መመረቅ እንጂ መጠርጠር የምናውቅ ሰዎች አይደለንምና ቤተሰቡም ጎረቤቱም በአንድ ላይ ተሸወድን። ጾሙ ሲፈታ «ሰካራም ብሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ቀን እተው ነበር?» ብለህ የመጀመሪያውን ብርጭቆ አነሣህ። ከዚያ ወዲያ ለማንም የምትሰጠው መልስ ይኸው ሆነ።

ስለ ፈንታው ደግሞ እንዴት ትጨነቅ ነበር! አብሮህ ሲያስጎበኝ የኖረ፣ በኋላም አብሮህ የሚጠጣ ጓደኛህ። «ይህን ልጅ አረቄ ሊጨርሰው ነው፣ ብርቄ፣ እስቲ አንቺ ምከሪው» ትለኝ ነበር፤ ያንን ስትል የራስህን ብርጭቆ ዝንብ እንዳይገባበት በመዳፍህ ከድነህ ነው። ቆይቼ እንደ ሰማሁት ፈንታውም ለሚስቱ ስለ አንተ ልክ እንደዚያው ይል ኖሯል። አንዳችሁ የአንዳችሁን በሽታ አጥርታችሁ እያያችሁ የየራሳችሁን ሳታዩት ቀራችሁ።

ስትቆጣም እኔን አልነበረም። የስፌት መኪናዬን ነበር የምትቆጣት። «ይቺ ነገር ጭንቅላቴን አዞረችው፣ አንድ ቀን ገደል ነው የምሰዳት» ትላለህ፣ ስድቡን ሁሉ እሷ ላይ ታወርደዋለህ። ይቅርታ ስትጠይቅም እኔን አልነበረም፤ በማግሥቱ ጎንበስ ብለህ ዘይት ስትቀባት አገኝሃለሁ። ከዚያ የተሻለ ዘይት የሚቀባ ባል በላሊበላ አልነበረም፣ ይህን ለማንም እመሰክራለሁ።

ማኅሌት «አባዬ፣ ለምን ዝም አልክ?» ስትልህ ደግሞ የአስጎብኚ ድምፅህን ታወጣ ነበር። «ክቡራትና ክቡራን፣ በስተቀኝ የምታዩት ሲሳይ ይባላል፤ ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈለ ነው፤ ዝናብም ፀሐይም አይነካውም።» ልጅቱ በሳቅ ትፈነዳለች፣ እኔም እስቃለሁ። ጥያቄዋ ግን ሳይመለስ እዚያው ይቀራል።

የኔ ከአንተ የባሰ ነው። አንተ ራስህን ነው የሸወድክ፣ እኔ አገሩን በሙሉ ነው የሸወድኩት። የማኅበሩ ጽዋ እኛ ቤት የደረሰ ዕለት መነሣት አቅቶህ ተኝተህ ስትቀር ጨጓራው ተነሥቶበት ነው አልኳቸው። መምሬ ደምሴ ሲጠይቁኝም ጨጓራ፤ የማኅሌት አስተማሪ ስትጠይቀኝም ጨጓራ። ጨጓራ ምቹ በሽታ ነው፣ ማንም አያፍርበትም። አባትህም በልጅነትህ በጨጓራ ነው የሞቱት ይባል ስለነበር ከአባቱ የወረሰው ነው ብለው አመኑኝ። ተልባ ወቅጦ የላከው፣ ዳማከሴ ጨምቆ የመጣው ብዛቱ! አንተም ተልባውን በትሕትና ተቀብለህ ትጠጣና «እግዜር ይስጥልኝ፣ ቀለል አለኝ» ትል ነበር። ቲያትሩን ሁለታችንም አሳምረን ሠራነው።

አንድ ቀን ግን እንደዚያ እንደ መጀመሪያው ጊዜ ያለ ሰበብ መጥተህልኝ ነበር። ይቅር በለኝ ብዬ የምለምንህ ስለዚያ ቀን ነው።

የመጨረሻው ፋሲካህ ካለፈ በኋላ ይምርሐነ ክርስቶስ ልንሳለም ሄደን ነበር። ስንወርድ ከጥዶቹ ሥር አረፍንና በሶ በጥብጬ ሰጠሁህ። አልጠጣኸውም። ኩባያውን በሁለት እጅህ እንደያዝክ «ብርቄ፣ እኔ እኮ ደክሞኛል» አልክ። ስለ ዳገቱ እንዳልሆነ ወዲያው ገብቶኛል። ያን ዳገት ከእንግዳ ጋር ስንት ጊዜ ወጥተህ ወርደኸዋል። ድምፅህም የአስጎብኚው አልነበረም፣ በሩ ላይ ቆሞ ሰበብ የለኝም ያለው የዚያ ልጅ ድምፅ ነበር። ፈራሁ፣ ሲሳዬ። ቀጥለህ የምትለውን ፈራሁ። ሳቄን ከየትም አምጥቼ «እርጅና ነዋ! በል ጠጣና ተነሥ፣ ሚኒባሱ ጥሎን ይሄዳል» አልኩህ። ቀና ብለህ አየኸኝ፣ ፈገግ አልክ፣ በሶውን ጨለጥክና ተነሣህ። ከዚያ ወዲያ ደክሞኛል የሚል ቃል ካፍህ ወጥቶ አያውቅም። ሚኒባሱም ሰው እስኪሞላ ብሎ አንድ ሰዓት አስቆመን።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ለመምሬም በንስሐ አልነገርኳቸውም፤ ቀልድ ኃጢአት መሆኑን የት አውቄ።

በጥቅምት ደም ሲያስመልስህ ሆስፒታል ወሰድንህ። ሐኪሙ በረንዳ ላይ ለብቻዬ ጠርቶ ጉበቱ አልቋል፣ ከመጠጡ ነው አለኝ። አመስግኜው ተመለስኩና ለእናትህ «ጨጓራው ነው አሉ» አልኳቸው። በአራተኛው ቀን ሄድክ። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ጨጓራ እንዲህ ይገድላል እንዴ ብለው ሲንሾካሾኩ ሰምቼ ዞር ብዬ አዎ፣ ይገድላል አልኩ። እንባዬ እየወረደ፣ አፌ እየዋሸ።

ከአርባህ በኋላ የኔ ተራ ደረሰ። ክር ሰክቼ መኪናዬ ፊት ቁጭ እላለሁ፣ አንድ ስፌት ሳልሰፋ ቀኑ ያልቃል። ምግቡ አፈር አፈር ይለኛል። ማኅሌትን አያታለሁ እንጂ አልሰማትም። ሰው ምን ሆንሽ ሲለኝ ምን ብዬ የመለስኩ ይመስልሃል? ወገቤን ነው። የጨጓራ እናት የወገብ በሽታ ወለደች በለኝ እንግዲህ።

ሆስፒታል ጎትታ የወሰደችኝ ልጅህ ናት። እዚያ የአእምሮ ጤና ክፍል የምትሠራ ነርስ አለች፣ ሁሉም ሲስተር ይላታል፣ ፊቷ የተማሪ ፊት ነው። እኔ ወገቤን እላታለሁ፣ እሷ «እሺ፣ ስለ ወገብዎ ይንገሩኝ» ትላለች። ስለ ወገቤ የምናገረው ሲያልቅብኝ፣ አራተኛው ቀጠሮ ላይ፣ ስለ በሶው ነገርኳትና አለቀስኩ።

እንዲህ አለችኝ። ሰው የሚያመውን ነገር ፊት ለፊት ማየት ሲከብደው ልቡ ሳያስፈቅደው መከለያ ይሠራለታል። አንዱ የለም ብሎ ይክዳል፣ አንዱ ምክንያት ይደረድራል፣ አንዱ የራሱን በሽታ በሌላው ላይ ያያል፣ አንዱ ይቀልዳል፣ አንዱ ንዴቱን በማይመልስለት ነገር ላይ ይወጣል። ድብርትና መጠጥ አንድ ላይ የያዙት ሰው ደግሞ የሚሸሸው ብዙ ስለሆነ መከለያውም ይበዛል። ውሸታም ሆኖ አይደለም፣ አሞት ነው አለች። የቤተሰቡም ሰው እንደዚያው የራሱን መከለያ ይሠራል። «ታዲያ ያን ጊዜ መከለያውን ነቅዬ ብጥልበት ይድን ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። «ዝም ብሎ መንቀል አይደለም፤ መጀመሪያ ሰውየው የሚጠጋበት ሌላ ነገር ያስፈልገዋል» አለችኝ።

ይህን ስትል አንተው ትዝ አልከኝ። ከቤተ መድኃኔ ዓለም በላይ ስለ ቆመው ትልቅ ጣሪያ ለእንግዶች የምትናገረውን ታስታውሳለህ? ዐለቱን ከዝናብ እንዲከልል ተተከለ፣ ከለለውም፤ አሁን ግን ክብደቱ ራሱ ያሰጋናል፤ ተነሥተን እንዳንነቅለው ደግሞ ዝናቡ አለ ትላቸው ነበር። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ከኋላ ቆሜ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ስለ ቤታችን እየተናገርክ መሆኑን አንተም አላወቅህ፣ እኔም አላወቅሁ።

እንግዲህ ወደ ጆንያው ልመለስ። መጀመሪያ መምሬ ደምሴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸውም «ለነፍሱ የሚደርሰው ጸሎቱና ለነዳያን የሚበላው ነው እንጂ ጋኑ አይደለም፤ አንቺ የምትችይውን አድርጊ» አሉኝ። ከዚያ ለእማማ ጥሩ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ተነሥተው ቆሙ። «ልጄን በሞቱ ሰካራም ልታሰኚብኝ ነው? ሲሳይ የወጉን ጠጣ እንጂ አንድ ቀን ሰክሮ አያውቅም!» ብለው አህያቸውን ነድተው ወጡ። ጆንያውን አልወሰዱትም። ሁለት ወር ሙሉ ጓዳ ውስጥ ቆሞ ሳየው እሳቸው ራሳቸው ቆመው የሚያዩኝ ይመስለኝ ነበር። መልእክት ብልክም መልስ የለም።

የዓመትህ ዕለት ጸሎቱ ደርሶ ሰው ዳሱ ውስጥ ተቀመጠ። ነጭ ማር በጥብጬ ብርዝ አዘጋጅቻለሁ። እማማ ጥሩ መጥተዋል፣ ግን ሰላም ሳይሉኝ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጥግ ተቀምጠዋል። ፈንታው ከበሩ አጠገብ ነው። ብርዙ ሲዞር አንዳንዱ ጠላው ከኋላ ይመጣል ብሎ በትዕግሥት ያዘው፤ አንዱ ሽማግሌ እንደ ኮሶ ፊቱን አጨማዶ ነው የጠጣው። መነሣት ነበረብኝ። የማኅሌትን ትከሻ ይዤ ተነሣሁ።

የተናገርኩት አጭር ነው። «ዛሬ ጠላ የለም፣ አትጠብቁ። ሲሳይን የገደለው ጨጓራ አልነበረም፣ መጠጥ ነው። መጠጡን ያመጣው ደግሞ ኀዘን ነው፤ ልቡ ታሞ ነበር። አውቄ ደብቄያችኋለሁ። ሲሳይ ክፉ ሰው አልነበረም፣ የታመመ ሰው ነበር፤ ለጨጓራው ተልባ እንደላካችሁለት፣ ብታውቁ ኖሮ ለዚህኛውም የምትልኩለት ነገር ባልጠፋ ነበር።»

ፈንታው አንገቱን ደፍቶ ወጣ፣ ወጥቶም አልተመለሰ። እኔ ዓይኔን ወደ እናትህ ማዞር ፈራሁ። ከዚያ ድምፃቸውን ሰማሁ። ተቀምጠው ነው፣ ከመሬቱ ጋር የሚያወሩ ይመስላሉ። «አባቱም እንዲህ ነው የሞተው። እሱንም ጨጓራ ነው ብዬ ነው የቀበርኩት። ይኸው ሠላሳ ዓመት።» ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው «በይ፣ ብርዙን አምጪልኝ» አሉ። ተንበርክኬ ሰጠኋቸው። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲጠጡ አንተን መሰሉኝ፣ ኩባያ አያያዛችሁ አንድ ነው። አንተ አባትህ በምን እንደሞቱ ሳታውቅ ሞትክ፣ ሲሳዬ፤ ልጅህ ግን ታውቃለች።

ጆንያውን በማግሥቱ አህያው ላይ ጫንላቸው። ብቅሉን ለበሬዎቻቸው ሰጡት መሰለኝ፣ አልጠየቅኋቸውም።

ፈንታውን ግን አስቀየምኩት፣ አሳፈርኩት ብዬ ስብሰለሰል ከረምኩ። መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገር ነበር። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ሱሪ ይዞ መጣ፤ ዚፑ ተበላሽቷል ይላል። ዞር አድርጌ አየሁት፣ ዚፑ ደኅና ነው። መኪናዋ ላይ አስቀመጥኩት። መስኮቱ ሥር ያለውን ያንተን ወንበር አየ፣ ከዚያ «ብርቄ፣ ደክሞኛል» አለ።

ያው ቃል፣ ሲሳዬ። የኔም ሳቅ እንደዚያን ቀን ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ሥራ ፈተህ ነው የደከመህ ልለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ፔዳሉን ለቀቅሁ፣ ወንበርህን ሳብኩለትና «ተቀመጥ፣ ፈንታው። ምን አደከመህ?» አልኩት።

እስከ ቀትር ተናገረ። እኔ ምንም የረባ ነገር አላልኩትም፣ ሰማሁት ብቻ። ሰኞ ከሚስቱ ጋር ሆነን ሲስተር ዘንድ ወሰድነው። መጠጡን በራስህ ቀጥ አድርገህ እንዳትተው፣ ሰውነትህ ሊጎዳ ይችላል፣ የምትተወው ሐኪም እያየህ ነው አለችው፤ ያን ጊዜ ያንተ ፍልሰታ ትዝ አለኝ። ፈንታው ይድናል ብዬ አልምልልህም። ትናንት ከቀጠሮው ቀርቶ ነበር፣ ዛሬ ሄዷል። መንገዱ እንዲህ ነው ትላለች ሲስተር።

እኔ አንተን የማስታውስህ ከእንግዲህ ሙሉውን ነው። ቁልፍ የሚቆርጠውን፣ መኪና ዘይት የሚቀባውን፣ ያልታወቀ ጻድቅ የሚፈጥረውን፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ባዶ መንገድ የሚያየውን፣ በላብ ተጠምቆ ጾሙ ነው ያለውን። ለማኅሌትም፣ እግዜር ሲፈቅድ ለልጆቿም፣ እንዲሁ አድርጌ እነግራቸዋለሁ። ጨጓራ የሚባል ነገር ከአፌ አይወጣም። በየዓመቱም፣ እግሬ እስከቻለ፣ ከፋሲካ በኋላ እነዚያ ጥዶች ሥር በሶ ይዤ እቀመጣለሁ።

ዘግይቻለሁ፣ አውቃለሁ። ግን የዚያን ቀን መልሴን ዛሬ ልስጥህ።

ሲሳዬ፣ ምን አደከመህ? ንገረኝ፣ የኔ ሆድ። ሚኒባሱ ጥሎን ይሂድ።

ያንተው ብርቄ